«እማዬ፣ ሰውዬው ለምን አንድ እግር ብቻ አለው?» ትንንሽ ልጆች ልዩነትን በቤት ውስጥ እንዲያከብሩ ማስተማር

ታክሲ ውስጥ የ4 ዓመት ልጅ ጮክ ብሎ ይህን ሲጠይቅ ብዙ ወላጅ ቆንጠጥ ያደርገውና «ዝም በል፣ ነውር ነው!» ይለዋል። ልጁ ግን ነውር የተባለው ጥያቄው ይሁን ሰውዬው መለየት አይችልም፤ በአብዛኛው ነውሩን ለሰውዬው ይሰጠዋል። ስለዚህ ከጨዋታውም ከመጽሐፉም በፊት መስተካከል ያለበት የወላጅ መልስ ነው።

መልሱ አጭር፣ እውነተኛና በተለመደ ድምፅ የሚነገር ይሁን። «አዎ፣ አንድ እግር ነው ያለው። ክራንቹ ለመራመድ ያግዘዋል» በቂ ነው። ሰውዬው ከሰማ ሰላም ይበሉት፤ ልጁም ሰላም ይበል። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ከቀጠለ «እኔም አላውቅም፤ የራሱ ጉዳይ ነው። ቤት ስንገባ ስለ ክራንች እናወራለን» ይበሉትና ቤት ሲገቡ በእርግጥ ያውሩ። ቀጠሮው ከተረሳ ልጁ ጥያቄውን ሁለተኛ አያነሳም። «ካልበላህ እንደሱ ትሆናለህ» የሚለው ማስፈራሪያ ፍርሃት ያስተምራል። «ምስኪን!» ብሎ ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ደግነት ቢመስልም ልጁ ሰውን ከላይ ወደ ታች እንዲያይ ያለማምደዋል።

«ገና ሕፃን ነው፣ ልዩነት አያውቅም» ማለት ስህተት ነው። የ3 ወር ሕፃን እንኳ አዘውትሮ የሚያየውን ዓይነት ፊት መርጦ ይመለከታል። ልጁ ልዩነቱን አይቶታል፤ የሚጠብቀው እኛ ምን ስም እንደምንሰጠው ነው።

ቤት ውስጥ የሚነገሩ ስሞች

ለአንድ ሳምንት በቤት ውስጥ ስለ ሰው የሚነገሩ ቃላትን ልብ ብለው ያዳምጡ። «ዕውር»፣ «ደንቆሮ»፣ «ሽባ» የሚሉት ስድብ ሆነው ስለሚያገለግሉ በ«ማየት የተሳነው»፣ «መስማት የተሳነው»፣ «አካል ጉዳተኛ» ይተኩ። እስላም የሃይማኖቱ ስም ነው፤ ሰውየው ሙስሊም ይባላል። ተረትና ምሳሌ ሲነግሩም ሙያን፣ ብሔርን ወይም ሴትን የሚያንቋሽሸውን ይዝለሉት፤ የሚተካው ሞልቷል።

አስቸጋሪው ነገር እንዲህ ያለው ቃል ከአያት ወይም ከእንግዳ አፍ ሲወጣ ነው። ልጁ እየሰማ ዝም ማለት እንደ መስማማት ይቆጠራል። አያትን በልጅ ፊት ማሳፈርም ሌላ ጥፋት ነው። «እማዬ፣ ልጁ ይሰማል፤ ጎረቤታችንን በስሟ እንጥራት» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ማረም፣ ሰፋ ያለውን ንግግር ደግሞ ልጁ ሲተኛ ማድረግ ይሻላል።

ቀለም

ልጆች ሰው ሲስሉ «የቆዳ ቀለም» ብለው የሚያነሡት ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ሮዙን ነው፤ በ12 ቀለም እርሳስ ፓኬት ውስጥ ቡናማው በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ 5 ክበቦች ይሥሩ። በሁሉም ላይ ቢጫውን በስሱ ያስቀቡ፤ ከዚያ ቡናማውን በአንዱ አንድ ጊዜ፣ በሌላው ሁለት ጊዜ፣ በሌላው ሦስት ጊዜ ይደርቡ። በቀሩት ሁለት ላይም ቡናማውን ደርበው ጥቁሩን በጣም በስሱ ይጨምሩ። እርሳሱን ተጭነው ከቀቡ ወረቀቱ ያዳልጥና ሁለተኛው ቀለም አይዝም። ልጁ ክንዱን አጠገቡ አድርጎ የራሱን፣ የእናቱን፣ የጎረቤቱን ይፈልግ። ክበቦቹን በረድፍ አያሰልፏቸው፤ ረድፍ መጀመሪያና መጨረሻ ስላለው ልጁ ማዕረግ ያደርገዋል። በነጭ፣ በሰርገኛና በቀይ ጤፍ ማስተማርም ያሳስታል፤ ነጩ ውድ መሆኑን ልጁ ከገበያ ሰምቷል።

«ለምን?» ሲል፣ በሰው ቆዳ ውስጥ ሜላኒን የሚባል ቀለም እንዳለ፣ መጠኑ እንደሚለያይና ከፀሐይ እንደሚከላከል ይንገሩት። ከወንድምና እህት አንዱን «ቀዩ ልጄ» እያሉ ማሞገስ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያፈርሰዋል።

የጎረቤት ማዕድ

የኢትዮጵያ ልጅ የእምነትን ልዩነት መጀመሪያ የሚያገኘው በምግብ ነው። «እነ ፋጡማ ለምን የእኛን ሥጋ አይበሉም?» ሲል «እነሱ በእምነታቸው ሥርዓት የታረደውን ይበላሉ፤ እኛም በእኛ» ይበሉ። ይህ ካልተነገረው «ምግባችንን ጠሉት» ወይም «ቆሻሻ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ጓደኛውን ፋጡማን ለፋሲካ ሲጠራ ድፎ ዳቦ፣ ሽሮና ፍራፍሬ አብረው ያዘጋጁ፤ ሥጋ ባልነካው ድስትና ማንኪያ የሠሩት መሆኑን ለእናቷ አስቀድመው ይንገሯት።

ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ይስቀሉና የሁለቱን ጾም ቀናት በሁለት ቀለም ያስምሩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረመዳን 29 ወይም 30። በ2018 ዓ.ም. ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጀምረዋል። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ ልጁ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ሲያስተያይ ይህን በዓይኑ ያየዋል።

ቋንቋም በዚሁ መንገድ ይገባል። በሳምንት አንድ ቃል ይበቃል፦ በአፋን ኦሮሞ «ገለቶማ»፣ በትግርኛ «የቐንየለይ»፣ ሁለቱም ምስጋና ናቸው። ቃሉን ከስልክ ሳይሆን ከሚናገረው ጎረቤት ይማረው፤ ያንኑ ቀንም ለዚያው ሰው ይበለው።

የሚያሳስት ጨዋታ

የልጁን ዓይን በጨርቅ ሸፍኖ «ማየት የተሳነው ሰው እንዲህ ነው» ማለት የተለመደ ነው፤ እኛ አንመክረውም። ልጁ የሚያገኘው የመጀመሪያዋን ደቂቃ ድንጋጤ እንጂ ለዓመታት የተለማመደ ሰው ያለውን ችሎታ አይደለም፤ የሚተርፈው ፍርሃትና ማዘን ነው። ይልቅ ነጭ በትር ምን እንደሚሠራ ያሳዩት፤ «ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅን፣ እሺ ከተባለም ሰውየው የልጁን ትከሻ እንዲይዝ ማድረግን ያለማምዱት። በትሩን መጎተትና ተሽከርካሪ ወንበርን ሳያስፈቅዱ መግፋት ክልክል መሆኑንም ይጨምሩ።

ልጁ ከውጭ ስድብ ይዞ ከመጣ

አይጩኹ፤ ከጮኹ ቃሉ ኃይል እንዳለው ይማራል። በመጀመሪያ «ምን ማለት ይመስልሃል?» ይበሉ፤ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ቀጥለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ትርጉሙንና ማንን እንደሚጎዳ ይንገሩት። ከዚያ የሚተካውን ቃል ይስጡትና አንድ ጊዜ በአፉ ያስብሉት። ቃሉን ለሰው ተናግሮት ከሆነ ወደዚያ ልጅ ቤት አብረውት ይሂዱ፤ ይቅርታውን ግን እሱ ራሱ ይበል።