ያገለገለ የካምፓኒ ላፕቶፕ እንዴት ይገዛል? ሲያስቸግርስ?

ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ። ውጭ አገር ያሉ ካምፓኒዎች ለሠራተኞቻቸው በጅምላ ገዝተው ጥቂት ዓመት ከተገለገሉባቸው በኋላ ያወጧቸዋል፤ እኛ ጋ ደግሞ ከመርካቶ እስከ መገናኛ «የአሜሪካ ነው»፣ «የዱባይ ነው» እየተባሉ ይሸጣሉ። በዚያው ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ እኔ እነዚህን እመርጣለሁ። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ ከሥር ጥቂት ብሎን ፈትቶ ኤስኤስዲ (ፋይልና ዊንዶውስ የሚቀመጥበትን ክፍል) መቀየር ይቻላል፣ መለዋወጫቸውም አይጠፋም። ከእርጅናቸው ይልቅ የሚያሳስበኝ የቀድሞ ባለቤታቸው ካምፓኒ መሆኑ ነው።

1. ፕሮሰሰሩን እዩ

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፍ የለውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። ኮር አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር 8350 ከሆነ 8ኛ ነው፣ 7300 ከሆነ 7ኛ። በሞዴል ስም ብቻ አትመኑ፤ ቲንክፓድ ቲ480 በሁለቱም ትውልድ ተሠርቷል።

2. ካምፓኒው እንደለቀቀው አረጋግጡ

ገንዘብ የሚበላው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ እንበል።

መጀመሪያ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1 ደጋግማችሁ ንኩ። ፓስወርድ ከጠየቀ ላፕቶፑን ለሻጩ መልሱለት። ዊንዶውሱ በሰላም ስለሚከፈት ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ይገዛል፤ በኋላ በፍላሽ ዊንዶውስ ልጫን ሲል ነው የሚታገደው። ሻጩ «ቀላል ነው፣ ትንሿን ባትሪ ነቅለን እንመልሳታለን» ይላችኋል። ያ ዘዴ ለድሮ ዴስክቶፕ ይሠራ ነበር። በእነዚህ ላይ ፓስወርዱ የሚቀመጠው መብራት ባይኖርም በማይረሳ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ ባትሪ መንቀል ለውጥ አያመጣም። ቺፑን አውጥተው የሚጽፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ያንን ግን ሻጩ አስቀድሞ ያስጨርስ። እዚያው ባዮስ ውስጥ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ኮምፒውትሬስ ወይም አብሶሉት የሚል (ካምፓኒው ማሽኑን ከሩቅ የሚከታተልበትና የሚቆልፍበት) ካለና «አክቲቬትድ» ከሆነም ተዉት።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ላፕቶፑ ላይ አይታይም። አውቶፓይለት ይባላል። ካምፓኒው የማሽኑን መለያ ማይክሮሶፍት ዘንድ አስመዝግቦታል፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጀምር ኢንተርኔት ካገኘ በቀጥታ የካምፓኒውን ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል። የአክስቴ ልጅ የገዛው ኤሊትቡክ ወራት ያህል እንከን አልነበረበትም። ሱቁ ዊንዶውስ የጫነው ያለ ኢንተርኔት ስለነበር መዝገቡን የሚያየው አልነበረም። አንድ ቀን ሲስተሙ ዘገየብኝ ብሎ ሪሴት አደረገው፤ ዋይፋይ ሲያገናኝ የማያውቀው የውጭ አገር ድርጅት አርማ መጣና «እንኳን ደህና መጡ» አለው። ፎርማት አደረገ፣ ኤስኤስዲ ቀየረ፣ ያው ነው። መዝገቡ ያለው ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ነዋ። የሚያነሳው ያስመዘገበው ድርጅት ነው፤ የሸጠው ሱቅ ደግሞ «እኛ ስንሸጥልህ ይሠራ ነበር» አለ።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሴቲንግ ገብታችሁ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» በሉ፤ ጊዜ ይወስዳልና ቡና ጠጡ። ሲጨርስ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙት። «ለግል ነው ወይስ ለሥራና ለትምህርት ቤት?» ብሎ ከጠየቀ ነፃ ነው። የድርጅት ስም ካወጣ ወይም ሻጩ ሪሴት አላስደርግም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ኢንተርኔቱን ዘሎ ማለፊያ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ የሚያዋጡት ግን እስከሚቀጥለው ሪሴት ነው።

3. ባትሪውን በቁጥር ለኩ

«አራት ሰዓት ይቆያል» የሚለውን ወሬ ተዉት። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ስላሽ፣ «ባትሪሪፖርት» ብላችሁ ጻፉ፤ ሪፖርቱ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግራችኋል። ዲዛይን ካፓሲቲ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅም ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ ዛሬ የቀረው። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀንሱ።

ስክሪን፣ ካሜራ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ ማንም ይፈትሻል። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ግን ኪቦርዱን እዩ፤ የጀርመኑ ዜድና ዋይን ያቀያይራል።

4. ከገዛችሁ በኋላ

ቲ480 ከሆነ ሌኖቮ ያወጣውን የተንደርቦልት (የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳውን የሚያሠራው ክፍል) ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌር፣ ማስተካከያ በገዛችሁበት ቀን ጫኑ። ካልተጫነ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳው ቻርጅ ማድረጉን ሊያቆም ይችላል። ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉ የሚል ምክር በየቦታው አለ፤ ለባትሪው ዕድሜ ልክ ነው፣ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ግን እኔ 100 ላይ ነው የማደርገው።

የአሜሪካ ሶኬት ካለው ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚለውን አንብቡና ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ያለውን ገመድ ብቻ ቀይሩ። ያ ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ የሚላላ የሶኬት መቀየሪያ እሳት ሲተፋ አይቻለሁ።

5. ሲያስቸግር

ዴል በድንገት ኤሊ ከሆነና ባትሪውም ካልሞላ፣ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት የቻርጀሩን ክብ ጫፍ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። መሃል ላይ ፀጉር የምታክል መርፌ አለች። ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በእሷ ነው፤ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ዴል ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ባዮስ ውስጥ አዳፕተሩ 65 ዋት በማለት ፈንታ «አንኖውን» ካለ ችግሩ ቻርጀሩ፣ ገመዱ ወይም መሰኪያው ነው።

ጭራሽ አልበራ ካለ ቻርጀሩን ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ። ቲ480 ከሥሩ ለዚሁ የተሠራች ቀዳዳ አለችው፤ በሲም ማውጫ መርፌ ተጫኗት።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቁጠሩ። ላቲቲውድ ላይ 2 ብርቱካናማ፣ 3 ነጭ ማለት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) አላገኘም ማለት ነው። የውስጡን ባትሪ ካላቀቃችሁ በኋላ ራሙን አውጡ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹህ ላጲስ በቀስታ ጥረጉና እስኪይዝ ድረስ መልሳችሁ ስኩት። ስክሪኑ ብቻ ከጠቆረ ዲ ፊደልን ይዛችሁ አብሩት፤ ቀለሞቹ በትክክል ከተፈራረቁ ስክሪን አትግዙ።

በዚህ ሁሉ እምቢ ካለ የማዘርቦርድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ለጥገና ስጡት። ኤስኤስዲውን ግን ነቅላችሁ ቤት አስቀሩት፤ አለመብራቱን ለመመርመር አያስፈልጋቸውም።