እውነት ተናጋሪ ልጅ ለማሳደግ በቤት ውስጥ ምን መለወጥ አለበት?

አንድ ሰው በሥራ ላይ ያጠፋውን ጥፋት ለአለቃው ቀርቦ የሚናገር ወይም ሸፋፍኖ የሚያልፍ የሚሆነው፣ በአብዛኛው፣ በልጅነቱ ጥፋቱን ለእናት ለአባቱ ሲናገር በገጠመው ነገር ነው። የተሳሳተ መድኃኒት የሰጠች ነርስ፣ ሒሳብ የጎደለበት ገንዘብ ያዥ፣ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ለሚስቱ ያልነገረ ባል፣ ሁሉም የሚፈተኑት «ብናገር ምን ይደርስብኛል?» በሚለው ፍርሃት ነው። ስለዚህ ሐቀኛ ልጅ ማሳደግ የሚፈልግ ወላጅ ልጁን ከመምከሩ በፊት በገዛ ቤቱ እውነት መናገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይመርምር።

በብዙ ቤት ኩርኩም፣ ቁንጥጫና አለንጋ፣ ሲብስም በበርበሬ ማጠን፣ ልጅን ከውሸት እንደሚያርቁ ይታመናል። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በምዕራብ አፍሪካ ከሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ አንዱ በዱላ የሚቀጣ ሌላው የማይመታ፣ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናትን ወስደው፣ ዞረው እንዳያዩ የተነገራቸውን መጫወቻ አይተው እንደሆነ ጠየቋቸው። በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ አይተውታል፤ በዱላ ከሚቀጣው ትምህርት ቤት የመጡት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የካዱ ሲሆን፣ ውሸታቸውንም ሳይነቃባቸው በማስቀጠል የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ዱላው ያስተማራቸው መደበቅን ነበር።

መጀመሪያ፣ መልሱን የሚያውቁትን ጥያቄ አይጠይቁ። የስኒው ስብርባሪ ከረከቦቱ ሥር ተበትኖ እያዩ «ማነው የሰበረው?» ብሎ መጮህ ልጁን ወደ ክህደት መግፋት ነው። ይልቁንም «ስኒው መሰበሩን አይቻለሁ፤ እግርህን እንዳይቆርጥህ ራቅ በል፤ ከዚያ መጥረጊያውን አምጣ» ይበሉት። ከጠረገ በኋላም እንዴት እንደተሰበረ በረጋ ድምፅ ያስረዳዎት፤ በሌላ ቀን ቡና ሲፈላ ስኒዎቹን ማቅረቡን ለእሱ ይስጡት። ይህ ልጅን ማሞላቀቅ የሚመስለው አይጠፋም፤ ነገር ግን ያበላሸውን በራሱ እጅ እንዲያስተካክል የታዘዘ ልጅ ተገርፎ ከተለቀቀው የበለጠ ኃላፊነት ተሸክሟል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባደረጉት ጥናትም፣ ጥብቅ ሥርዓትን ከፍቅርና ምክንያትን ከማስረዳት ጋር ያጣመሩ ወላጆች ልጆች፣ በቁጣ ብቻ ከሚገዙትም ሆነ እንዳሻቸው ከሚለቋቸው ወላጆች ልጆች ይልቅ በራሳቸው የሚተማመኑና ራሳቸውን የሚገዙ ሆነው ታይተዋል።

የፈተና ውጤት ሌላው መፈተኛ ነው። «ስንተኛ ወጣህ? የጎረቤት ልጅ አንደኛ ወጥቶ የለም ወይ?» የሚባልበት ቤት ልጅ ወረቀቱን ይደብቃል፣ አንዳንዴም የወላጁን ፊርማ ራሱ ይፈርማል። ዝቅተኛ ውጤት ይዞ በራሱ ፈቃድ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃልዎ «ስላሳየኸኝ ደስ ብሎኛል» ይሁን፤ የከበደውን ጥያቄ አብሮ ማየት ከዚያ ይከተላል።

ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ግን የወላጅን የራሱን አንደበት ነው። በር ሲንኳኳ «አባባ የለም በላቸው» ተብሎ የተላከ ልጅ፣ ውሸት ለትልቅ ሰው እንደሚፈቀድ ከማንም በፊት ከአባቱ ተምሯል። «አያ ጅቦ መጣልህ» እና የማይፈጸም «ነገ እገዛልሃለሁ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ማሟላት የማይችሉትን ተስፋ አይስጡ፤ ሰጥተው ካልሆነልዎ ምክንያቱን ለልጁ ይንገሩት፣ ይቅርታም ይጠይቁት።

እናት «ለአባትህ አልነግርብህም» ብላ ስትሸሽግ፣ አያት ደግሞ አባትን ስትቃወም፣ ልጁ ለማን ምን መናገር እንደሚያዋጣው ማስላት ይጀምራል። ስለዚህ በቤቱ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋን ጨምሮ፣ ጥፋቱን ራሱ የተናገረ ልጅ እንደማይመታ አስቀድመው ይስማሙ፤ ስምምነቱንም ለልጁ ይንገሩት። መዋሸት የለመደ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ይህን ቃል ወዲያው አያምንም፤ በትንሽ ጥፋት እየፈተነ ያየዎታል። በዚያን ጊዜ እጅዎንም ድምፅዎንም ይቆጣጠሩ፤ የነገረዎትንም ከዘመድ ፊት አያንሡበት።