በሲ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ሲቆረጥ፦ የልወጣን ሁኔታ መመርመር

የደሴን፣ የኮምቦልቻንና የወልዲያን ተመዝጋቢዎች ስም የያዘ ረጅም ፋይል በሲ (C) የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሲያነበው፣ አብዛኛው ጽሑፍ ደህና ሆኖ ሳለ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። በፋይሉ መጀመሪያ አንድ ቃል ሲጨመር ብልሽቱ ወደ ሌላ ስም ይዛወራል፤ ይህም ጥፋቱ ከፋይሉ ሳይሆን ከአነባበቡ መሆኑን የሚያሳይ ዋና ፍንጭ ነው። የተበላሹት አንዳንድ ፊደላት ሳይሆኑ ሁሉም ከሆኑ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ፕሮግራሙ ሲጀምር ሎኬሉን፣ ማለትም የቋንቋና የፊደል ቅንብሩን፣ የሚመርጠው ተግባር «ሴትሎኬል» (setlocale) አልተጠራም ወይም የተመረጠው ሎኬል ዩቲኤፍ-8 (UTF-8፣ ፊደላት በባይት የሚወከሉበት ሥርዓት) አይደለም።

የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። ፋይሉ በ4096 ባይት እየተከፈለ ሲነበብ፣ የክፍሉ ድንበር ፊደል መሃል ላይ ሊያርፍ ይችላል። «ደሴ» የሚለው ስም 225፣ 139፣ 176፣ 225፣ 136፣ 180 ተብሎ ይቀመጣል፤ ድንበሩ ከአራተኛው ባይት በኋላ ቢውል ባይቶችን ወደ ፊደል የሚለውጠው ተግባር «ኤምቢአርቱደብሊውሲ» (mbrtowc) ለ«ደ» የወሰደውን የባይት ብዛት 3 ይመልስና ለቀጣዩ -2 ይመልሳል። ይህ ስህተት ሳይሆን «ፊደሉ አላለቀም» ማለት ነው። የደረሰው ባይት የልወጣው ሁኔታ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ሁኔታው ባዶ መሆኑን የሚመረምረው «ኤምቢኤስኢኒት» (mbsinit) ሲጠየቅ ዜሮ፣ ማለትም «ባዶ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ቀሪዎቹ 2 ባይቶች ሲደርሱት ልወጣው 2 ይመልሳል፣ «ሴ»ም ሙሉ ሆና ትወጣለች።

ስለዚህ የሁኔታው ተለዋዋጭ ለአንድ ፋይል አንድ ብቻ ይሁን፤ ከንባቡ በፊት አንድ ጊዜ በዜሮ ይሞላ፣ በየክፍሉ ግን ፈጽሞ አይታደስ። ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላው ነገር፣ -2 ሲመጣ የተረፉትን ባይቶች ወደ ባፈሩ (የተነበበው ክፍል ወደሚቆይበት ጊዜያዊ ማከማቻ) መጀመሪያ ገልብጦ እንደገና መስጠት ነው፤ ሁኔታው አስቀድሞ ስለያዛቸው ድግግሞሹ -1 (የስህተት ምልክት) ያስከትላል። ከ-1 በኋላ ሁኔታው ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ በዜሮ ሞልቶ መቀጠል እንጂ «ኤምቢኤስኢኒት»ን መጠየቅ አይጠቅምም።

በሁኔታው ቦታ ባዶ ጠቋሚ (NULL) መስጠትም አልመክርም። ልወጣው ያን ጊዜ በውስጡ በሸሸገው ሁኔታ ስለሚሠራ ሁለት ፋይሎች እየተፈራረቁ ሲነበቡ ይደባለቃል፤ «ኤምቢኤስኢኒት»ም ባዶ ጠቋሚ ሲሰጠው ምንጊዜም ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ስለሚመልስ፣ ምርመራው ችግር የሌለ ያስመስላል።

ምርመራው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ፋይሉ ሲያልቅ ነው። ያለ -1 እስከ መጨረሻው ተነቦ «ኤምቢኤስኢኒት» ዜሮ ከመለሰ የመጨረሻው ፊደል ጎድሏልና፣ ዝርዝሩን ከመመዝገብ በፊት ፋይሉን ከላኪው በድጋሚ መጠየቅ ይገባል።