የሰርግ አበባ ስትመርጡ በጀት የሚያናጉ ስህተቶች

ብዙ ሙሽሮች አበባ መምረጥ የሚጀምሩት ከፎቶ ነው። ስልካቸው ላይ ያስቀመጡትን ምስል ያሳዩና “ልክ እንደዚህ ይሁንልን” ይላሉ። እኔ ከቦታው ብትጀምሩ እመርጣለሁ። አበባው የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ስንት ሰዓት ሳይጠወልግ መቆየት አለበት? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ዓይነቱን መምረጥ ቀላል ነው፤ ወጪውም ልክ ይኖረዋል።

በአንድ አበባ ስም ሙጭጭ ማለት

ፒዮኒ የተባለውን ትልቅና ድርብርብ አበባ ለምሳሌ ውሰዱ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በብዛት የሚገኘው ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ጊዜ ውጭ ከፈለጋችሁት ከሩቅ አገር በአውሮፕላን መምጣቱ ነው፤ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ የምትወዱትን መልክ ተናገሩ፤ “ክብ፣ ድርብርብ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ” በሉ። በደንብ የተከፈተ ጽጌረዳ ያንን መልክ ይሰጣል። ካርኔሽንም ይሰጣል። ካርኔሽንን ርካሽ ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ተጠጋግቶ ሲታሰር ሙሉና ለስላሳ ሆኖ ይታያል፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ተቆርጦ ለሚጣል ግንድ መክፈል

ይህን ስህተት ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጽጌረዳ የሚሸጠው በግንዱ ርዝመት እየተመደበ ነው፤ 40፣ 50፣ 60፣ 70 ሴንቲ ሜትር እየተባለ። ግንዱ በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የአበባው ጭንቅላትም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይተልቃል። ነገር ግን የእንግዶች ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ አጭር ማስቀመጫ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ግንድ ይበቃል። ባለ 70ውን ገዝታችሁ ካሳጠራችሁት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግንድ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ረጅሙን ለረጅም ማስቀመጫ ብቻ አስቀሩት። ለጠረጴዛ አጭሩን ጠይቁ። አንድ ግንድ ላይ ብዙ ትንንሽ አበባ የሚያወጣው ስፕሬይ ሮዝም ለዚህ ተስማሚ ነው። ደግሞ ዝቅ ያለ አበባ ሲሆን ፊት ለፊት የተቀመጡ እንግዶች ሳይጋረዱ ያወራሉ።

ገንዘቡን በየቦታው እኩል መበተን

የሙሽሪት እቅፍ አበባ ብዙ ፎቶ ላይ ይወጣል። የሙሽሮች መቀመጫም እንደዚያው። ጥሩውን አበባ እዚያ አውሉት። የአዳራሹ ጥግና መተላለፊያው በአረንጓዴ ቅጠልና በሻማ ቢሞላ ማንም ቅር አይለውም።

ቃል ኪዳኑ የሚፈጸምበት ቦታ ላይ የነበረው አበባ ወደ ግብዣው ሊዛወር ይችላል። የሚዜዎቹ እቅፍም ባዶ ማስቀመጫ ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛ ያስውባል። ብቻ ይህን ሥራ ለአንድ ሰው አስቀድማችሁ በስሙ ስጡት። “አንዱ ያደርገዋል” ከተባለ ማንም አያደርገውም።

የእጅ ሥራውን አለመቁጠር

አበባው ርካሽ ሆኖ ሒሳቡ የሚያስደነግጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የአበባ ቅስት፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ዲኮርና ረጅም የአበባ ጉንጉን የብዙ ሰዓት ሥራ ናቸው። መሰላል ይፈልጋሉ፣ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ሌሊት የሚያፈርስ ሰው ይፈልጋሉ። ያንኑ ያህል አበባ በማስቀመጫ ውስጥ ቢሆን ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። ዋጋ ስትጠይቁ አበባው፣ የእጅ ዋጋው፣ የማስቀመጫ ኪራዩ፣ ማጓጓዣውና ማፍረሻው ለየብቻ ይጻፍላችሁ።

ቀኑን አለማየት

ሰርጋችሁ ፌብሩዋሪ 14 ከሚከበረው የፍቅረኞች ቀን ጋር ከተጠጋ፣ በዚያ ሰሞን ስለሚወደድ ቀይ ጽጌረዳን እርሱት። ሌላ ቀለም ምረጡ።

ሳይለማመዱ አበባውን በራስ ማዘጋጀት

ራሳችሁ ብታዘጋጁት ብዙ ትቆጥባላችሁ፤ እኔም አበረታታለሁ። ነገር ግን ጊዜውን እወቁ። ያልተከፈተ ጽጌረዳ ለመፍካት ሁለት ቀን ያህል ይፈልጋል። ሊሊ ከዚያ ሊዘገይ ይችላል፤ ሲከፈትም መሃሉ ያለው ብናኝ ነጭ ቀሚስ ላይ የማይለቅ እድፍ ስለሚተው ቀድማችሁ ንቀሉት። ሃይድራንጂያ ከውሃ ከወጣ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ለእቅፍ አትምረጡት። ባልዲውን እጠቡ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፣ ግንዱን በስለታም ቢላ ሰያፍ ቁረጡ። አበባውን ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁ ፍራፍሬውን አውጡት። ሙዝና ፖም ሲበስሉ የሚያወጡት ኤትሊን የተባለ ጋዝ አበባ ያስረጃል፤ ካርኔሽን በተለይ አይችለውም።

ስለ ተተኪ አበባ አለመስማማት

ያዘዛችሁት አበባ በዕለቱ ላይገኝ ይችላል። ሻጩ በራሱ ምርጫ እንዳይተካው፣ በምትኩ የትኛው አበባ በምን ቀለም እንደሚመጣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።