የግቢ ካሜራ ስትገጥሙ የጎረቤትን ጓዳ ተዉት

ደብረ ብርሃን ላይ በየአጥሩ ካሜራ የሚሰቅል ሰው እየበዛ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ሌባ አለ። ግን ብዙ ሰው ገጣሚውን ጠርቶ "ሁሉንም እንዲያይ አርገህ ስቀልልኝ" ይላል፣ ጠቡ ከዛ ይጀምራል። ካሜራው ማየት ያለበት የናንተን በር ነው በቃ።

ግድግዳ ሳትበሱ በፊት ካሜራውን በእጃችሁ ቦታው ላይ ይዛችሁ ስልክ ላይ እዩት። የጎረቤት መስኮት፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ወይ የሽንት ቤት መንገድ ከገባ አዙሩት። ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ላይ ሰቅላችሁ ወደ በሩ ዘንበል ስታረጉት የገባውን ሰው ፊትም በደንብ ይይዛል። አልዞር ካለ ብዙዎቹ አፕ ውስጥ ፕራይቬሲ ማስክ የሚል አላቸው፣ የመረጣችሁትን ቦታ ያጠቁረዋል። ሩቅ አያለሁ ማለት ለኛ አገር አየር ራሱ አይሆንም፣ ክረምት ማታ ጉም ሲወርድ የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት (በጨለማ እንዲያይ የሚያበራው፣ ለኛ ዓይን የማይታየው) ጉሙ ላይ ነጥሮ ምስሉ ነጭ በነጭ ይሆናል። ከካሜራው ራቅ አርጋችሁ በሩ ላይ አንድ አምፖል ብታበሩ ይሻላል።

ድምፅን ደሞ ማንም አያስበውም። ብዙ ካሜራ ማይኩ ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ተከራይ ያለበት ግቢ ከሆነ ቡና በረንዳ ላይ ይፈላል፣ አቦል ላይ የተነሳው ወሬ፣ የማን ልጅ ከማን ጋ እንደታየች፣ የማን ባል ደሞዙን የት እንዳደረሰ፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ አከራይዋ ስልክ ላይ ገብቷል ማለት ነው። ኦዲዮውን አጥፉት፣ ሌባ ስሙን ተናግሮ አይሰርቅም።

ለተከራይም ለሰራተኛም ለጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ። እትዬ ጎረቤት "ልጄ ይቺ ነገር እኔንም ታያለች?" ካሉ ስልኩን አውጥታችሁ አሳዩዋቸው፣ ጠላ ሲጠምቁ ወይ ፀጉራቸውን ፈተው ፀሀይ ሲሞቁ እንደማይታዩ በዓይናቸው ካረጋገጡ ነገሩ እዛው ያልቃል። ሰራተኛዋ የምትተኛበት ክፍል ካሜራ ማስገባት ግን ነውር ነው፣ ምክንያት አትደርድሩ።

አካውንቱን ራሳችሁ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱ። ገጣሚው በሱ ስልክ ከከፈተው እቤቱ ተቀምጦ ግቢያችሁን ማየት ይችላል። አብሮ የመጣውን ፓስዎርድም ወዲያው ቀይሩ።

ካሜራው ላይ ሌባ ከተቀረፀ ደሞ ቪዲዮውን ቴሌግራም ወይ ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ አትቸኩሉ፣ ሰውየው ሌባ ባይሆንስ? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ራሱ የሰውን ምስል ያለፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ይከለክላል፣ አንዳንድ የተፈቀዱ ሁኔታዎች ቢኖሩም። ለፖሊስ ስጡት፣ ያውም ሳትውሉ ሳታድሩ ቪዲዮውን ስልክ ላይ አውርዱት፣ ሜሞሪ ካርዱ ሲሞላ ከድሮው እየጀመረ ያጠፋዋል።