የሠርግ ፎቶ ሥራን የሚያከስሩ ስህተቶች

ጥር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሁሉ ሥራ አያጣም። ነጋዴው የሚለየው ሑዳዴ ሲገባ ነው፤ 55 ቀን ሙሉ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ የቤት ኪራዩ ግን አይጾምም።

ብዙው ጀማሪ ዋጋ የሚያወጣው ጎረቤት ፎቶ ቤት የሚያስከፍለውን ጠይቆ ከዚያ ላይ አምስት ሺህ ብር በመቀነስ ነው። ዋጋ ከሰዓት ይነሣል። 12 ሰዓት የፈጀ ሠርግ 3,000 ፎቶ ቢወጣው፣ መምረጡ 4 ሰዓት ይበላል። 600ው ምርጥ አንድ አንድ ደቂቃ ቢታረም 10 ሰዓት፣ የአልበም ዲዛይን 6 ሰዓት። 32 ሰዓት ሆነ፤ የመልሱ ድግስ ገና አልተቆጠረም። ረዳት፣ ትራንስፖርት፣ ኅትመት፣ ግብርና የጾሙ ወራት ኪራይ ይጨመርበት። ይህን ሳይደምር ዋጋ የሚጠራ ሰው ሙሽሮቹን ከኪሱ እየዳረ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው የቀብድ ነገር ነው። ‹‹ቀብድ ተቀብያለሁ›› ብሎ በቁራጭ ወረቀት ፈርሞ መስጠት ለብዙ ፎቶ አንሺዎች ቀልድ ይመስላቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ሲተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ለአንድ የጥር እሑድ 10,000 ብር ተቀብለው የተሻለ ከፋይ ሲመጣ ‹‹ገንዘባችሁን ውሰዱ›› የሚሉ ሰዎች ሕጉ 20,000 እንደሚያስከፍላቸው ቢያውቁ አፋቸውን ይሰበስቡ ነበር። የምትቀበሉት ከፍ ያለ ገንዘብ ከሆነ፣ እጥፉ በቀብዱ ላይ ብቻ እንዲሆን ቀብዱና ቅድመ ክፍያው ለየብቻ ይጻፍ። አንድ ገጽ ውል ይበቃል፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ መልስና ቅልቅል መካተታቸው፣ የታረመ ፎቶ ብዛት፣ የአልበሙ መጠንና ገጽ፣ የርክክብ ቀን፣ የትርፍ ሰዓት ዋጋ። በቤተሰብ ለቅሶ ሠርጉ ቢተላለፍስ? ይህ ካልተጻፈ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ጋር ስለ ገንዘብ መከራከር ይመጣል። ክፍያውንም እስከ አልበም ርክክብ አታቆዩት። ሙሽሮች ከሠርግ በኋላ ኪሳቸው ባዶ ስለሆነ አልበሙ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ከሠርጉ ቀን በፊት ቢያንስ 90 በመቶው ይግባ።

ማስታወቂያ ላይ ‹‹ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን›› መባሉ ይብቃ። መነሻ ዋጋውን ጻፉት፤ አቅሙ የማይፈቅድ ሰው ጊዜያችሁን አይበላም፣ የሚፈቅድለትም ሳይጠይቅ አያልፍም። በሞዴል የተነሡ አሥር ቆንጆ ፎቶዎች ደግሞ ማንንም አያሳምኑም። ልምድ ያላት ደንበኛ ማየት የምትፈልገው ሐምራዊ መብራት የበዛበት ጨለማ አዳራሽ ውስጥ የሙሽራዋ ፊት ምን እንደመሰለ ነው። የአንድ ሠርግ 60 ፎቶ ከጠዋቱ እስከ ኬኩ አሳዩ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን የሙሽሮቹን ፈቃድ በውሉ ላይ አስፈርሙ፤ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 ይከለክላል።

ከሚከፈልበት ማስታወቂያ ይልቅ ሥራ የሚያመጡት የዲኮር፣ የሜካፕና የቬሎ ቤት ሰዎች ናቸው። የሥራቸውን ፎቶ በሦስት ቀን ውስጥ ላኩላቸው፤ ማን እንዳነሣው ይጠቅሳሉ።

ፎቶ ስትልኩ በ‹‹ፋይል›› ላኩ። ቴሌግራም በተለመደው የፎቶ አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ሊያወርደው ይችላል፤ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም ደግሞ 3,543 በ4,724 ፒክስል ያስፈልጋል። እናት ያንን የተጨመቀውን ወስዳ አሳትማ ግድግዳ ላይ ስትሰቅለው ደብዛዛነቱ በእናንተ ስም ይወራል።

ሁለት ሚሞሪ ካርድ የማይቀበል ካሜራ ይዞ ሠርግ መግባት ቁማር ነው። ካርድም የፎቶዎቹ ሦስት ቅጂ ሳይኖር፣ አንዱም ከሱቁ ውጭ ሳይቀመጥ፣ ፎርማት አይደረግም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የት መቆም እንደሚቻል ከሠርጉ ቀን በፊት አስተዳደሩን ጠይቁ።

የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአልበም ወረቀትና ቀለም ዋጋ ባለበት አይቆምም። ስለዚህ የሰጣችሁት ዋጋ ለ15 ቀን ብቻ እንደሚጸና ጻፉበት፤ ቀብዱ እንደገባም የአልበሙን ወጪ ለማተሚያ ቤቱ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም ከውሉ ጋር አያይዙት።