የሸክላ መብራት እንደ ኩራዝ አይደለም

እዚህ ደብረ ብርሃን መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ እንሯሯጣለን። እኔ ግን ከአንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ያሠራኋት ትንሽ የዘይት መብራት አለችኝ። መዳፍ ላይ የምታርፍ ሳህን ናት፤ ጠርዟ በአንድ በኩል ቆንጠጥ ተደርጎ ክር ማሳረፊያ ወጥቶላታል። በጥንት እስራኤልና በጎረቤቶቿ ሰዉ ያመሸው በእንዲህ ዓይነቷ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ላምባ መጨመር ነው። ኩራዝ ክዳን አለው፣ ክሩም በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል። ይቺ ግን አፏ ክፍት ነው። የላምባ ተን እሳት ይስባል፤ ሳህኗ እንዳለች ልትነድ ትችላለች። በጥንቱ መብራት የሚጨመረው በአብዛኛው የወይራ ዘይት ነበር፤ እሱ ያለ ክር በቀላሉ አይቀጣጠልም።

የሚረጋው ዘይትም አይሆንም። ኅዳር ላይ ሞክሬው በእኛ ብርድ ድርቅ አለ። ክሩ የሚስበው አጥቶ ነበልባሉ የስንዴ ፍሬ አከለ፣ ከዚያ ጠፋ። ፈሳሽ ዘይት ይሁን። የተልባ ዘይት ግን ይቅር፤ አየር ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይሆናል።

ሳላሟሽ መለኮሴ ሌላው ጥፋቴ ነበር። ጠዋት ሳነሳት ጠረጴዛው ላይ ክብ የዘይት እድፍ ትታለች። ለሠሪዋ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ ምጣድ ሳታሟሺ ትጋግሪያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሸክላ ይጠጣል። ዘይት ቀብታችሁ አሳድሯት፣ ከሥሯም ሳህን አድርጉ።

ብርሃን እንዲበዛ ብሎ ክሩን ማስረዘም ጭስ ነው ትርፉ። ግድግዳውም አፍንጫም ጥላሸት ይለብሳል። ጠምዘዝ ያለ የጥጥ ፈትል የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ ብቅ ይበል። ሲያጥር በመርፌ ሳብ ማድረግ ነው።

መሬት ላይ አታስቀምጧት። ወንጌሉ መብራት በመቅረዝ ላይ እንጂ ከእንቅብ በታች አይቀመጥም ይል የለ? ብዙዎቻችን መቅረዝ ሲባል መብራቱ ራሱ ይመስለናል። መቅረዝ ማስቀመጫው ነው። ነበልባሏ ትንሽ ስለሆነች ከፍ ካላለች ክፍሉን አታዳርስም።

ደግሞ መንዝም ሆነ አንኮበር ማረሻ አሮጌ ሸክላ ቢያወጣ፣ እባካችሁ ፈትጋችሁ አትጠቡት። አፉ ላይ የቀረው ጥላሸትና ውስጡ የሰረገው ቅባት ምን ይነድበት እንደነበር ለአጥኚ ሊነግር ይችላል። ያገኛችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።